ምዕራፍ 7፦ ክብደት የሚያካፍል መኝታ

ሐዋሳ ውስጥ ፍራሽ መሸጫ ሱቅ የገባ ሰው የመጀመሪያ ሥራው መዳፉን ዘርግቶ መጫን ነው። «ይኼኛው ኦርቶፔዲክ ነው እማማ፣ ወገብ አያሳምምም» ይላል ሻጩ። «ጠንካራ ነው ለስላሳ፣ ልጄ?» ትጠይቃለች ገዢዋ። መዳፍም ሆነ ይህ ጥያቄ ግን ፍራሹ ሌሊቱን ምን እንደሚሠራ አይናገሩም። መዳፍ የሚያሳርፈው ጥቂት ኪሎ ብቻ ሲሆን፣ ዳሌና ትከሻ ግን ሰባትና ስምንት ሰዓት ሙሉ አብዛኛውን የሰውነት ክብደት ተሸክመው ያድራሉ።

ጥሩ መኝታ ክብደትን ለሰውነት ሁሉ ያካፍላል። መጥፎ መኝታ ደግሞ ክብደቱን ሰብስቦ በጥቂት አጥንቶች ላይ ይጭነዋል። ይህን ካወቅን ከውጭ የሚመጣውን የላቴክስ ተደራቢ ፍራሽ፣ ማለትም በፍራሽ ላይ የሚነጠፈውን «ቶፐር»፣ መቼ መግዛት እንደሚገባ፣ የትኛውን መምረጥ እንደሚሻልና መቼ ገንዘባችንን መቆጠብ እንዳለብን በራሳችን መወሰን እንችላለን።

ከጀንዲ እስከ ስፖንጅ

ቀደምቶቻችን ይህን ችግር በእጃቸው በነበረው ነገር ሲፈቱት ኖረዋል። በሰሜኑ የገጠር ቤት በጭቃ መደብ ላይ ጀንዲ ወይም ቁርበት ይነጠፋል። በሲዳማ ቤት እንሰት ምግብ ብቻ አይደለም፤ ደረቅ ቅጠሉና ቃጫው ምንጣፍ ይሆናል። ጀንዲም ሆነ ምንጣፍ ከቅዝቃዜና ከአቧራ ይከላከላሉ እንጂ ስስ በመሆናቸው ክብደት የማካፈል አቅማቸው ትንሽ ነው።

ከእነዚህ የተሻለ የተሠራው የጠፍር አልጋ ነው። ከበሬ ቆዳ የተቆረጠው ጠፍር በእንጨቱ ፍሬም ላይ ሲጠላለፍ የሚለጠጥ መረብ ይፈጥራል። ዳሌ ሲያርፍበት ዝቅ ይላል፣ ወገብ ባለበት ደግሞ ከፍ ብሎ ይቀበላል። ችግሩ ጠፍሩ እያደር መርገቡ ነው። ያኔ መሐሉ ይጎደጉዳል፣ የተኛውም ሰው እንደ ቅስት ተጣጥፎ ያድራል። ስለዚህ ባለቤቱ በየጊዜው ይወጥረው ነበር።

አጎዛ ለብቻው ሊነሳ የሚገባው ነው። የበግ ፀጉር በሺህ የሚቆጠሩ ለስላሳ ክሮች ያሉት በመሆኑ ክብደት ሲያርፍበት ክሮቹ ተጎንብሰው ጫናውን ለጎረቤቶቻቸው ያስተላልፋሉ። በመካከላቸው አየር ይመላለሳል። ሱፍ ከራሱ ክብደት ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት በውስጡ ይዞ በእጅ ሲነካ ደረቅ ሆኖ ይሰማል። በአውስትራሊያ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ለሕክምና የተዘጋጀ የተፈጥሮ የበግ ቆዳ ብዙ በመተኛት የሚፈጠረውን ቁስል እንደሚቀንስ አሳይተዋል። አያቶቻችን አራስና ሽማግሌ አጎዛ ላይ ሲያስተኙ ዛሬ ሳይንስ የሚደግፈውን ነገር እያደረጉ ነበር።

ከዚያ የጥጥ ፍራሽ መጣ፣ ቀጥሎም ስፖንጅ። ስፖንጅ የምንለው ፖሊዩሬቴን የተባለ ሰው ሠራሽ ነገር ነው፤ ኬሚስትሪውን እ.ኤ.አ. በ1937 ያገኙት ጀርመናዊው ኦቶ ባየርና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ዛሬ በከተሞቻችን አብዛኛው ሰው የሚተኛው በዚህ ላይ ነው። በሱቅ ውስጥ ስፋቱና ውፍረቱ ይነገራል፤ «ባለ 1 ሜትር ከ20»፣ «ባለ 1 ሜትር ከ50»፣ «ውፍረቱ 15» ይባላል። ዕድሜውንና የመሸከም አቅሙን በእጅጉ የሚወስነው የእፍጋት መጠኑ ግን እምብዛም አይነሳም። ወደዚህ እንመለሳለን።

ክብደትና ስፋት

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር እርጥብ አፈር ላይ የቆመ ሰው እግሩ ይሰምጣል። ያው ሰው ሰፊ ጣውላ ዘርግቶ ቢቆምበት አይሰምጥም። ክብደቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ክብደቱ ያረፈበት ስፋት ነው። ግፊት ማለት ይኸው ነው፣ ክብደት ለስፋት ሲካፈል።

ይህን ወደ አልጋ እናምጣው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በጀርባው ተኝቶ ግማሽ ካሬ ሜትር፣ ማለትም 5,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚሆነው የሰውነቱ ክፍል መኝታውን ነካ እንበል። ክብደቱ እኩል ቢካፈል በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው 14 ግራም ነው። የደም ግፊታችንን በምንለካበት መለኪያ ሲታይ ይህ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ1930 ዩጂን ላንዲስ የተባለ ተመራማሪ በጣት ጥፍር ሥር ባሉ እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ያለውን ግፊት ለክቶ፣ ደም በሚገባበት ጫፍ 32 ገደማ ሆኖ አግኝቶታል። ቁጥሩ ለሁሉም ሰውና ለሁሉም የሰውነት ክፍል የሚሠራ ቁርጥ ያለ ድንበር ባይሆንም፣ ግንዛቤ ይሰጣል። እኩል የተካፈለ ክብደት የደም ሥሮቻችንን አይዘጋም።

ሰውነታችን ግን ጠፍጣፋ አይደለም። በጀርባ ስንተኛ የጭንቅላታችን ኋላ፣ የትከሻ አጥንቶች፣ የጅራት አጥንት አካባቢና ተረከዝ ቀድመው ይነካሉ። በጎን ስንተኛ ትከሻ፣ ዳሌ፣ የጉልበት ጎንና ቁርጭምጭሚት ናቸው። በሲሚንቶ ወለል ላይ ከተኛን ክብደቱን ሁሉ የሚሸከሙት እነዚህ ጥቂት ነጥቦች ብቻ ናቸው። በእነዚያ ቦታዎች ላይ ግፊቱ ከአማካዩ ብዙ እጥፍ ይሆናል፣ የደም ዝውውር ይቀንሳል፣ ሕብረ ሕዋሱ ኦክስጅን ያጣል። ጤነኛ ሰው ያን ጊዜ እንቅልፉን ሳይለቅ ይገላበጣል። ቶሎ ቶሎ መገላበጥ፣ በክንድ መደንዘዝ መንቃት፣ ጠዋት ዳሌና ትከሻ ታሞ መነሳት የዚህ ጫና ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ።

መፍትሔው ሁለት ነገሮችን ማስማማት ነው። ዳሌና ትከሻ ወደ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ያኔ ወገብና ጎን መኝታውን ነክተው ድርሻቸውን ይሸከማሉ። ነገር ግን ዳሌው እስከ ታችኛው ጠንካራ ነገር ድረስ መውረድ የለበትም፤ ከወረደ ከወለል ላይ መተኛት የተለየ አይሆንም። በጣም ጠንካራ ፍራሽ የመጀመሪያውን ይከለክላል፣ ያረጀ ወይም ስስ ስፖንጅ ሁለተኛውን ያበላሻል።

ላቴክስ ምንድን ነው?

ላቴክስ ከጎማ ዛፍ ቅርፊት የሚፈስ ወተት መሳይ ፈሳሽ ነው። ዛፉ መነሻው የአማዞን ደን ሲሆን ዛሬ በብዛት የሚለማው በታይላንድ፣ በኢንዶኔዥያና በቬትናም ነው። ጥሬ ጎማ በሙቀት ይጣበቃል፣ በብርድ ይሰነጠቃል። ይህን የፈታው እ.ኤ.አ. በ1839 ቻርልስ ጉድዪር ያገኘው ጎማን በድኝና በሙቀት የማጠንከር ዘዴ ነው። ጎማው ከተለጠጠ በኋላ ወደ ቅርጹ የመመለስ ባሕርዩን ያገኘው በዚህ ነው።

ፈሳሹን ወደ ፍራሽ የለወጠው ደግሞ የእንግሊዙ ደንሎፕ ኩባንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1929። ፈሳሹ ከሳሙና ጋር ተመትቶ አረፋ ይሆናል፣ የሚያረጋው ነገር ይጨመርበታል፣ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ በእንፋሎት ይበስላል። በላቴክስ ፍራሽ ላይ የምናያቸው ቀዳዳዎች ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም፤ ሙቀት ወደ መሐሉ እንዲደርስ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ የተተከሉት ዘንጎች የተዉት ቦታ ናቸው። ለተኚውም አየር ማመላለሻ ሆነው ያገለግላሉ። ይህ «ደንሎፕ» የሚባለው አሠራር ጠንከርና ከበድ ያለ ላቴክስ ይሰጣል። ኋላ የመጣው «ታላላይ» የሚባለው አሠራር ቅርጽ ማውጫውን በከፊል ሞልቶ አየሩን በመሳብ አረፋው እንዲያብጥ ያደርጋል፤ ቀጥሎ ያቀዘቅዘዋል፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ያረጋዋል፣ በመጨረሻም ያበስለዋል። ውጤቱ ቀለል፣ ለስለስና ይበልጥ ወጥ ነው። ከነዳጅ ተዋጽኦ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ላቴክስም አለ፣ የሁለቱ ቅልቅልም በገበያ ላይ ብዙ ነው። ስለዚህ «ላቴክስ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ የተፈጥሮው ድርሻ ስንት እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ላቴክስ በምን ይለያል? የመኝታ ስፖንጅ ሲፈተን በመጀመሪያ ሩብ ውፍረቱን ለማስገባት የሚያስፈልገው ኃይል፣ ቀጥሎ 65 በመቶውን ለማስገባት የሚያስፈልገው ኃይል ይለካል። ሁለተኛው ለመጀመሪያው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር በተራ ስፖንጅ 2 አካባቢ ሲሆን በላቴክስ ወደ 3 ይጠጋል። ትርጉሙ ይህ ነው፤ ላቴክስ መጀመሪያ ላይ በቀላሉ ይገባል፣ እየወረዱ ሲሄዱ ግን ተቃውሞው ይበረታል። ትከሻ እንዲገባ ይፈቅዳል፣ ዳሌ ግን ታች እንዳይደርስ ይይዛል። ቀደም ሲል ያልናቸውን ሁለቱን ነገሮች በአንድነት ለማስማማት የተሻለ ዕድል ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 ለአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ በተደረገ ምርምር የተገኘው ሜሞሪ ፎምም ክብደት ያካፍላል። እሱ ግን በሰውነት ሙቀት ይለሰልሳል፣ በብርድ ይጠነክራል፣ ቅርጹም ቀስ ብሎ ይመለሳል። ስለዚህ ለመገላበጥ የሚከብዳቸው አረጋውያን ተውጠው የቀሩ ያህል ሊሰማቸው ይችላል። ላቴክስ ግን ወዲያው ይመለሳል፤ መገላበጥን ያግዛል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም በበጋ ወራት ቀኑ ይሞቃል፣ ሙቀቱም እስከ ምሽት ይዘልቃል። ሙቀት የሚይዝ መኝታ በተለይ አጎበር ውስጥ ለሚተኛ ሰው ላብ ያበዛል። በዚህም ረገድ ቀዳዳማው ላቴክስ ይመረጣል።

ከመግዛት በፊት ከሥር ያለውን ማየት

ተደራቢ ፍራሽ ከሥሩ ያለውን ቅርጽ ይከተላል። መሐሉ በጎደጎደ ስፖንጅ ላይ የተነጠፈ ላቴክስ ራሱም ይጎደጉዳል፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። አንሶላውን ገፈው በፍራሹ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ጣውላ ወይም የመጥረጊያ እንጨት ያጋድሙ። ከእንጨቱ በታች በመሐሉ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ፣ መጀመሪያ መለወጥ ያለበት ፍራሹ ነው። የአልጋውን ርብራብም ይመልከቱ፤ የተሰበረ ወይም እጅግ የተራራቀ ከሆነ በጥቂት እንጨት ይጠገናል፣ ይህም ለአናጢ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ተደራቢው የሚጠቅመው ፍራሹ ደህና ሆኖ ነገር ግን ሲጠነክርብን ነው። ለዚህ የሚበቃው ውፍረት ለብዙ ሰው 5 ሴንቲ ሜትር ነው። በጎናቸው ለሚተኙና ክብደታቸው ከበድ ላለ ሰዎች እስከ 7 ሴንቲ ተኩል ይሻላል። ከ5 በታች የሆነው ለገጽ ልስላሴ ይሰጣል እንጂ ዳሌን ከጠንካራ ፍራሽ አይለይም።

የጥንካሬው መጠን በማሸጊያው ላይ «አይ ኤል ዲ» በሚል ቁጥር ሊጻፍ ይችላል። ከ20 በታች ለስላሳ፣ ከ20 እስከ 28 ያለው መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ያለው ጠንካራ ይባላል። ቀጭን ሰው ለስላሳውን፣ ከባድ ሰው ጠንካራውን ቢመርጥ ይስማማዋል፤ ለቀጭኑ ጠንካራው አይገባለትም፣ ከባዱ ደግሞ ለስላሳውን አልፎ ታች ይደርሳል።

ሚዛን አይዋሽም

በገበያ ላይ ስፖንጅ በላቴክስ ስም ሊቀርብ ይችላል። ገዢው በቀላሉ ራሱን የሚጠብቅበት መንገድ ሚዛን ነው። ርዝመትን፣ ስፋትንና ውፍረትን በሜትር ያባዙ፤ ክብደቱን በኪሎ ለዚህ ውጤት ያካፍሉ። የሚያገኙት የእፍጋት መጠኑን ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። 1 ሜትር ከ90 ርዝመት፣ 1 ሜትር ከ20 ስፋትና 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ተደራቢ ይዘቱ 0.114 ሜትር ኩብ ነው። የላቴክስ እፍጋት አብዛኛውን ጊዜ በሜትር ኩብ ከ65 እስከ 80 ኪሎ ስለሆነ፣ ይህ ተደራቢ ከ7 ኪሎ ተኩል እስከ 9 ኪሎ ይመዝናል። በሜትር ኩብ 25 ኪሎ የሆነ ስፖንጅ ቢሆን ግን 3 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ልዩነቱ ያለ ሚዛንም በክንድ ይታወቃል። ሻጩ «ላቴክስ» ያለው ነገር በአንድ እጅ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ከሆነ ዋጋውን እንደ ስፖንጅ ይደራደሩ።

ይኸው ስሌት ለተራ ስፖንጅም ያገለግላል። 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ 1 ሜትር ከ20 ፍራሽ ይዘቱ 0.342 ሜትር ኩብ ነው። ክብደቱ 6 ኪሎ ከሆነ እፍጋቱ ከ18 አይበልጥም፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይረግባል። ከ10 ኪሎ በላይ ከሆነ እፍጋቱ 30 ይደርሳል፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ሁለት ፍራሾች እኩል ዋጋ ሲጠየቅባቸው የበለጠ የሚመዝነውን ይውሰዱ።

ላስቲክ፣ ፀሐይና ሽንት

በብዙ ቤት አዲስ ፍራሽ የመጣበትን ላስቲክ ሳይገፈፍለት ለዓመታት ይተኛበታል፤ እንዳይቆሽሽ ታስቦ ነው። ላስቲኩ ግን ላብ ያቆራል፣ ሲወጠር ደግሞ ሰውነት ወደ ስፖንጁ እንዳይገባ ይከለክላል። የተከፈለበት ልስላሴ በአንድ ርካሽ ላስቲክ ይሰረዛል። ላስቲኩን ገፍፎ በሚታጠብ የጥጥ ልብስ መሸፈን ይሻላል።

ሁለተኛው ልማድ ፍራሽን ፀሐይ ማስመታት ነው። ለጥጥ ፍራሽ ይህ መልካም ልማድ ነው፤ እርጥበት ያወጣል። ላቴክስን ግን ፀሐይ ይገድለዋል። የፀሐይ ጨረር ጎማውን ያደርቀዋል፣ ገጹ ቢጫ ሆኖ መፈርፈር ይጀምራል። ላቴክስ በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ይናፈሳል። ትኋን ከታየ ሽፋኑ በፈላ ውሃ ይታጠባል፣ የአልጋው ስንጥቅ ይጸዳል፤ ላቴክሱ ግን በፀሐይም በፈላ ውሃም አይነካም። ላቴክስ አለርጂ ያለበት ሰው፣ ለምሳሌ የጎማ ጓንት ሲያደርግ ቆዳው የሚያሳክከውና ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ይህን መኝታ መተው አለበት።

ሽንት ለማይቆጣጠር ሰው ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ግድ ነው፤ ላቴክስ ሽንት ከጠጣ ሽታውን ማስለቀቅ አይቻልም። ያን ጊዜ የሚለጠጥና ስስ የሆነ ሽፋን ይመረጣል። ወፍራም የጠረጴዛ ላስቲክ መኝታውን ጠንካራ ያደርገዋል።

ተኚው ማን ነው?

ወገቡን የሚያመው ሰው ዘወትር የሚሰማው ምክር «ጠንካራ ላይ ተኛ» የሚል ነው፤ ጣውላ ላይ ወይም ወለል ላይ የሚወርድም አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የስፔን ጥናት የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 313 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በጠንካራ፣ ግማሹን በመካከለኛ ፍራሽ ላይ አስተኝቷል። ከ90 ቀን በኋላ ይበልጥ የተሻሻሉት በመካከለኛው ላይ የተኙት ነበሩ። ስለዚህ ወገብ የሚያመው ሰው ፍራሹ ድንጋይ ከሆነበት 5 ሴንቲ ሜትር መካከለኛ ተደራቢ መሞከሩ ምክንያት አለው። እግር የሚያደነዝዝ ወይም ሽንት የሚያስቸግር የወገብ ሕመም ግን የሐኪም ጉዳይ ነው፤ ፍራሽ አይፈታውም።

በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ብዙ ወጣት ሴቶች አንድ ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይተው በሲሚንቶ ወለል ላይ ስስ ስፖንጅ ዘርግተው ያድራሉ። ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪና ላይ ተጎንብሶ ለዋለ ሰውነት ይህ ዕረፍት አይደለም። ለእነሱ ላቴክስ የመጀመሪያው ግዢ አይደለም። መጀመሪያ ፍራሹን ከወለሉ የሚያነሳ የእንጨት ርብራብ፣ ቀጥሎ ጥሩ እፍጋት ያለው ስፖንጅ ይቀድማል። ከወለል የተነሳ ፍራሽ ከሥሩ አየር ስለሚያገኝ አይሻግትም።

ለሕፃን ግን ለስላሳ ተደራቢ አደገኛ ነው። አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ፊቱ ለስላሳ ነገር ውስጥ ከገባ መልሶ ማውጣት ስለማይችል ሊታፈን ይችላል። የሕፃን መኝታ ጠንከር ያለ፣ ጠፍጣፋና ትራስ የሌለበት መሆን አለበት፤ ሕፃኑም በጀርባው ይተኛል። እናት ለራሷ ላቴክስ ከዘረጋች ሕፃኑን በእሱ ላይ አታስተኛው።

የአልጋ ቁራኛ ለሆነ ሰው

መኝታ የሞትና የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው ራሱ መገላበጥ ለማይችል ሰው ነው። በስትሮክ ግማሽ አካሉ የዛለ አባት፣ በባጃጅ ወይም በሞተር አደጋ ዳሌው የተሰበረ ወጣት ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ሲገባ፣ አስታማሚው ልጅ ወይም ሚስት ናት። ሳይገላበጥ በቆየበት ቦታ ላይ ያለው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፣ የአልጋ ቁስልም ይከፈታል። እስከ አጥንት የሚደርስ ቁስል ደም ይመርዛል፣ ሰው ይገድላል።

ኢትዮጵያ ይህን ታሪክ በአንድ ታላቅ ልጇ በኩል ታውቀዋለች። በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ፣ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው ሻምበል አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ አከርካሪው ተጎድቶ ወደ እንግሊዙ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። በዚያ ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳተኞችን ክፍል እ.ኤ.አ. በ1944 ያቋቋሙት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ናቸው። ከእሳቸው በፊት አከርካሪው የተሰበረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአልጋ ቁስልና በሽንት መሥመር ብክለት ይሞት ነበር። ጉትማን ሕመምተኞች ቀንና ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ እንዲገለበጡ ሥርዓት ዘረጉ፤ ቆዳቸውም ይታይ ነበር። ይህ ሥርዓት ከየትኛውም ዕቃ በላይ ሕይወት አተረፈ። አበበ በዚያ ስምንት ወር ያህል ታክሞ ክንዶቹን መጠቀም ቻለ፣ በሐምሌ 1962 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ስቶክ ማንደቪል በተሰየሙት የተሽከርካሪ ወንበር ውድድሮች በቀስት ውርወራ ተሳተፈ።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ተደራቢ ፍራሽ ጫናውን ይቀንሳል፣ መገልበጥን ግን አይተካም። አስታማሚ የምታውቃቸው ጥቂት ነገሮች ዋጋቸው ከፍራሹ ይበልጣል።

በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ይጀመር፤ ጊዜውን ለማርዘም ወይም ለማሳጠር ነርሷን ማማከር ይቻላል። በጎን ሲተኛ ሙሉ በሙሉ በዳሌ አጥንቱ ላይ አይጣል፤ ከጀርባው ትራስ ተደርጎ 30 ዲግሪ ያህል ጋደም ይበል። ከባቱ ሥር ትራስ ይግባና ተረከዙ በአየር ላይ ይንጠልጠል፤ ተረከዝን ከጫና የሚያድነው ይህ ነው። ውሃ የተሞላ ጓንትና የቀለበት ቅርጽ ያለው ጎማ ይቅሩ፤ ቀለበቱ በዙሪያው ያለውን ደም ሥር ይዘጋል። ሕመምተኛውን አይጎትቱት፤ በአንሶላ ለሁለት ሆነው ያንሡት፣ መጎተት ቆዳን ከሥሩ ይቀዳዋል።

ተደራቢው መሥራቱን በእጅ መፈተን ይቻላል። ሕመምተኛው ተኝቶ ሳለ መዳፍዎን ወደ ላይ አድርገው በተደራቢውና በፍራሹ መካከል፣ በጅራት አጥንቱ ትይዩ ያስገቡ። በእጅዎና በሰውነቱ መካከል ከ2 ሴንቲ ተኩል ያነሰ ውፍረት ከተሰማዎት ተደራቢው ታች ደርሷል፤ ወፍራም ወይም ጠንከር ያለ ያስፈልጋል። እሱም ካልበቃ እየተነፋና እየተነፈሰ የሚሠራ የአየር ፍራሽ ስለማግኘት ሐኪሙን ያማክሩ።

ቆዳን በየቀኑ ማየት ያስፈልጋል። መጻሕፍቱ «ቀይ ምልክት» ይላሉ፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ቅላት በደንብ አይታይም። ከአካባቢው የጠቆረ፣ ሲዳሰስ የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ፣ የጠጠረ ወይም የሚያም ቦታ ካለ ያ ማስጠንቀቂያ ነው። ቦታውን አይሹት፤ ማሸት የተጎዳውን ሥጋ ያባብሳል። በዚያ ጎን አያስተኙት፣ በአንድ ቀን ካልተሻለው ወይም ከተገሸለጠ ለጤና ባለሙያ ያሳዩት። ሽንትና ላብ ወዲያው ይታጠብ፣ ቆዳው ይድረቅ። ቆዳ የሚጠገነው ደግሞ በፕሮቲን ነው፤ ሐኪሙ ካልከለከለው በስተቀር እንቁላል፣ ሽሮና የሐይቁ አሳ በገበታው አይጥፋ።

ገንዘብ ሲያጥር

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በመጀመሪያ ምንም የማያስከፍለውን ማድረግ፤ ላስቲኩን መግፈፍ፣ ርብራቡን መጠገን፣ የአልጋ ቁራኛውን ማገላበጥ። ሁለተኛ፣ የጎደጎደ ፍራሽ ካለ በሚዛን ተመርጦ በተገዛ እፍጋቱ ከ30 ባላነሰ ስፖንጅ መለወጥ። ሦስተኛ፣ ንጹሕ አጎዛ ካለ ከሳጥን አውጥቶ ለአዛውንቱ ወይም ለሕመምተኛው መዘርጋት። ላቴክስ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው፤ በጎናቸው ለሚተኙ፣ ዳሌና ትከሻቸው ለሚታመም፣ አልጋ ላይ ረጅም ጊዜ ለሚያሳልፉ ሰዎች።

በቤት ውስጥ አንድ ተደራቢ ብቻ መግዛት የሚቻል ከሆነ ደግሞ የማን እንደሚሆን አያከራክር። በባሕላችን ጥሩው አልጋ ለእንግዳ ወይም ለአባወራ ይቀመጣል። ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ግን ራሱን ማገላበጥ ለማይችለው ነው፤ ቀጥሎ ለነፍሰ ጡሯና ለአዛውንቱ። ሌላው ሁሉ እስኪደርሰው ሊጠብቅ ይችላል፤ ሌሊት በጎኑ ሲደክም ራሱ ይገላበጣልና።